የልጅ የደም ውጤት «ዝቅተኛ ነው» ሲባል

ልጃቸው በሳል፣ በጆሮ መግልና በትኩሳት እየተመላለሰ የሚታመምባቸው ወላጆች የላብራቶሪ ወረቀት ሲቀበሉ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው ከቁጥሩ ጎን ባለችው ወደ ታች በምታመለክተው ቀስት ላይ ነው። እናት ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ውጭ አገር ላለች ነርስ ዘመዷ ትልካለች። አባት ኢንተርኔት ይበረብራል። ከሐኪሙ ፊት ተመልሰው እስኪቀመጡ ድረስ «ልጁ በሽታ የመከላከል አቅም የለውም» የሚል ፍርድ እቤታቸው ገብቶ ያድራል። ቀስቷ የምትናገረው ግን ልጁ ለንጽጽር ከተመረጡት ሰዎች ያነሰ ቁጥር እንዳለው ብቻ ነው።

ንጽጽሩ ከማን ጋር ነው? ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የሚታተመው አንዳንዴ የአዋቂ ሰው መጠን ነው። አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕፃን ሲወለድ በደሙ የሚገኘው አይጂጂ እናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የሰጠችው ስንቅ ነው። በሦስት ሳምንት ገደማ ግማሹ ያልቃል፤ በቀጣዩ ሦስት ሳምንት የቀረው እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። ሕፃኑ የራሱን በበቂ መጠን ማምረት እስኪጀምር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ መጠኑ በጣም ይወርዳል። በዴሲሊትር 350 ሚሊግራም ለአዋቂ በግልጽ ያነሰ ነው፤ ለስድስት ወር ሕፃን ግን ጤናማ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው የበለጠ ያሰጋል።

ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮሊትር 2000 መሆኑ ለአዋቂ የተለመደ ነው። ለሦስት ወር ሕፃን ግን አነስተኛ ነው፤ ውጤቱ በአዋቂ መለኪያ ከተነበበ ቀስት ሳይደረግበት ያልፋል። ስኪድ የተባለውና ከልደት ጀምሮ የሚኖረው ከባድ የመከላከል አቅም ጉድለት እንዲህ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስኪድ ያለባቸው ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ኢንፌክሽን ሳይቀድማቸው፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካገኙ የመዳን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ሁሉ ለስኪድ መመርመር የጀመረችው፣ ሌሎቹም ግዛቶች እስከ 2018 የተከተሏት በዚህ ምክንያት ነው።

ከኤችአይቪ ጋር ከምትኖር እናት የተወለደ ሕፃን በስድስት ሳምንቱ ከተረከዙ ደም የሚወሰደውም በዚያው የእናት ስንቅ ሰበብ ነው። ተራው የአንቲቦዲ ምርመራ እስከ 18 ወር ድረስ የእናቱን አንቲቦዲ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል።

ዘርም ቁጥሩን ይለውጣል። በአፍሪካ ብዙ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያውያንም ከፊሎቹ፣ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የላቸውም። ይህ ከቪቫክስ ወባ የሚከላከል ባሕርይ ሲሆን፣ ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሕዋስ አንዳንዴ በማይክሮሊትር ከ1500 በታች ያደርገዋል፤ ኢንፌክሽን ግን አያበዛም። በእስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ተመዝግቧል። አሜሪካም ሆነ እስራኤል ለሚኖሩ ወላጆች «የልጃችሁ ነጭ ደም ወርዷል» ሲባሉ ዳፊ መታየቱን መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁን ከማያስፈልግ የመቅኔ ምርመራ ሊያድነው ይችላል።

ደሙ ሲወሰድ ልጁ የነበረበት ሁኔታም ይታሰብ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ሊምፎሳይቱ ይወርዳል። ወስፋት ያለበት ልጅ አይጂኢ የተባለው አንቲቦዲ ሊያሻቅብበት ይችላል፤ ወላጅ ግን አለርጂ ብሎ ይተረጉመዋል። በኩላሊት ሕመም ሽንቱ ፕሮቲን የሚያፈስ ልጅ አይጂጂውም አብሮ ይፈሳል። የተመጣጠነ ምግብ ማጣትም የመከላከል አቅምን በእጅጉ ያዳክማል።

ይህ ሁሉ ግን ቁጥሩን ለመናቅ አይደለም። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ኦግደን ብሩተን እ.ኤ.አ. በ1952 የጻፈው ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ደሙ በባክቴሪያ እየተመረዘ ደጋግሞ ይታመም ነበር። ምርመራው በደሙ ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን፣ ማለትም አንቲቦዲዎች የሚገኙበት የፕሮቲን ክፍል፣ እንደሌለ አሳየ። ብሩተን የጎደለውን በየወሩ በመርፌ ሲሰጠው የሕመሙ መመላለስ ቆመ። የልጁ የሕመም ታሪክና የወረቀቱ ቁጥር አንድ ነገር ስለተናገሩ ነው መፍትሔው የተገኘው።

ስለዚህ ወላጆች ወደ ሐኪም ሲሄዱ ከውጤቱ ጋር የክትባት ካርዱንም ይያዙ። ካርዱ ላይ ቴታነስንም የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ሦስቴ መሰጠቱ ከታየ፣ ሐኪሙ ለቴታነስ የተሠራውን አንቲቦዲ አስለክቶ የልጁ ሰውነት በእርግጥ ይከላከል እንደሆነ ማየት ይችላል። ልጁ በዓመት ስንቴ አንቲባዮቲክ እንደወሰደ፣ መቼ ሆስፒታል እንደተኛ፣ ክብደቱ እንዴት እንደሄደ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡ። «ይህ መለኪያ ለዕድሜው ነው? ሲሻለው ይደገማል?» ብለው ይጠይቁ። በአንድ ዓመት ሁለቴ የሳንባ ምች የያዘው፣ አራቴና ከዚያ በላይ ጆሮው የመገለ፣ ክብደት አልጨምር ያለ፣ ወይም በቤተሰቡ በሕፃንነቱ በኢንፌክሽን የሞተ ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ፣ ወረቀቱ ላይ ቀስት ባይኖርም የሕፃናት ስፔሻሊስት ሳያየው አይቆይ።