«ማነህ?» ሲሉት የማንን ስም ጠራ?

ይህንን ጽሑፍ የላክሁት ባለቤቴ አንብባ ከፈቀደችልኝ በኋላ ነው።

እሑድ ከአምልኮ ተመልሰን ጀሞ ባለው ቤታችን ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ታላቁ ልጃችን በፍላሽ ያመጣውን የድሮ ፊልም ከፈተ። «ስታር ትሬክ» ከሚባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1967 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ክፍል ነው። በሩቅ ፕላኔት ላይ ሴቶች በቢላዋ ይገደላሉ። ደም የነካ ቢላዋ ይዞ የተገኘው የጠፈር መርከቡ መሐንዲስ ስኮቲ ነው፤ እርሱ ግን ምንም አላስታውስም ይላል። ከዚያ አንዲት ሴት እጅ ለእጅ አያይዛ አስቀመጠቻቸውና በመካከላቸው ያለውን ክፉ ነገር በስሙ ጠራችው፤ «ሬድጃክ!» አለች። መብራቱ ጠፋ። እርሷም ተገደለች።

ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቡናው ደርሶ መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ ቀጠለ። ሬድጃክ የሰው አካል እየለበሰ የሚገድል፣ ፍርሃትን የሚመገብ ፍጥረት ኖሯል። በመጨረሻም እንዳይፈሩለት ለመርከቡ ሰዎች ማረጋጊያ መርፌ ተሰጣቸው። ልጄ «ይሄን ከየት አመጡት?» አለኝ። ማታ ፈልጌ አገኘሁ። የደረሰው «ሳይኮ»ን የጻፈው ሮበርት ብሎክ ነው። ርዕሱ «ተኩላ በበረት ውስጥ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ባይረን ስለ ሰናክሬም ዘመቻ የጻፈውን ግጥም ያስታውሳል፤ ታሪኩን በ2ኛ ነገሥት 19 ታገኙታላችሁ። ፍጥረቱ ግን የመጣው ከለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በኋይትቻፕል ሠፈር ድሆች ሴቶችን ያረደውና እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀው ሰው «ጃክ ዘ ሪፐር» ይባላል። ብሎክ በ1943 ይኸው ገዳይ ሳይሞት እንደሚኖር አድርጎ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ በፊልሙ ደግሞ መንፈስ አደረገው።

ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር ነው። ለንደኖች ገዳዩን ሲያጡ «ባለ ቆዳ ሽርጡ» እያሉ ማውራት ጀመሩ፤ ጆን ፓይዘር የሚባል አይሁዳዊ ጫማ ሠሪም ተያዘ። የትም እንዳልነበረ ተረጋግጦ ተፈታ እንጂ! ባዕድ፣ ድሃ፣ ደግሞም የእጅ ባለሙያ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው?

ይህንኑ ለባለቤቴ ስነግራት አለቀሰች። ከዚያም በ14 ዓመት ትዳራችን ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ጎጃም ውስጥ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የጎረቤት ልጃገረድ ታመመች። «ቡዳ በልቷት ነው» ተባለ። አጨሷት። «ማነህ? ከየት መጣህ?» እያሉ አስጨነቋት። ልጅቱም ለፈለፈች፤ የባለቤቴን እናት ስም ጠራች። አማቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በዚያ ሌሊት ልጃቸውን አዝለው ወጡ፤ ወደዚያ ሠፈር አልተመለሱም።

«ለእኛ መንደር ያን መርፌ ማን በሰጠው» አለች ባለቤቴ፣ እያለቀሰች ፈገግ ብላ።

አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድቡ እንዲተዉ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እኔ ቤት አልደረሰም። ስንጋባ እናቴ «እናቷ ምን ይሠራሉ?» ብትለኝ «ነጋዴ ናቸው» ብዬ ዋሽቻለሁ። ባለቤቴ ይህንን ታውቅ ነበር፤ በር ላይ ቆማ ሰምታኛለች። በቤተ ክርስቲያን ስለ ርኩስ መንፈስ ሲሰበክ «አሜን» የምል ሰው፣ ስለ አማቴ እጅ ግን አፍሬ ኖርሁ። በእኛም የጸሎት ፕሮግራም መንፈሱ የጎረቤት ስም ሲጠራ አምነው የሚኳረፉ አሉ፤ ሐሰተኛ ምስክር መሆኑን እየሰበክን!

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ መጣች። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ጀበናው አማቴ ከማረፋቸው በፊት የሠሩልን ነው። አቦሉ እንደተጠጣ «እማዬ፣ ይህንን ጀበና ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?» አልኋት። ነገርኋት፤ ውሸቴንም ጨምሬ።

እናቴ ብዙ ዝም አለች። ሲኒዋን አየች፣ ጀበናውን አየች። ባለቤቴ ረከቦቱ ላይ አቀርቅራለች። ከዚያ እናቴ ሲኒዋን ዘረጋችና «ቶናውን አትቀጅልኝም እንዴ፣ ልጄ?» አለች።