የመንገዱ ውኃ የማን ነው?

ከወደ ሀገር ቤት ሰው በመጣ ቁጥር በአዲስ አበባ፣ በሜክሲኮ ሰፈር ቡና ቤቶች ከሚነሡት ወጎች ዋነኛው የመንገድ ነገር ሆኗል፤ የወረዳው ሹማምንት ጥርጊያውን መንገድ አስፋልት ሊያለብሱት አስበዋል የሚለው ወሬ ከነሙሉ ደስታው ይተረካል። ይህን ደስታ የሚነቅፍ ቢኖር፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው፣ በሐምሌ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው እየሰጠሙ፣ ጤና ጣቢያ ለማድረስ የሚደክሙትን ሰዎች በዐይኑ ያላየ ብቻ ነው።

ምኞቱ የትናንት አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ መንግሥት በዚያው ዓመት ለመንገድ ጥገና ከዓለም ባንክ የተበደረው 5 ሚሊዮን ዶላር ባንኩ ለአፍሪካ ካበደረው ገንዘብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ከ26,000 ኪሎ ሜትር እምብዛም ያልበለጠው የሀገሪቱ መንገድ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ100,000 በላይ የሆነው በአብዛኛው በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው፣ ሕዝቡም ዩራፕ እያለ በሚጠራው፣ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ባለመው ፕሮግራም ነው። ጥረቱን አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ የሚሰነጠቅ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ በላዩ የተነጠፈው ጠጠር ዕድሜው የሚለካው በሮለሩ ክብደት ሳይሆን በግራና በቀኙ ባለው ቦይ ንጽሕና ነው፤ ውኃውን በመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ በደለል የተደፈነ እንደ ሆነ ውኃው መንገዱን ራሱን መሄጃ ያደርገዋልና። መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ቱቦ ሲጠረግ ሪባን የሚቆርጥ ሹም ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም።

አስፋልት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጠጠሩ ጥቂቱን እንኳ ያሰርግ የነበረውን ዝናም፣ አስፋልቱ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ሰብስቦ በቱቦው አፍ ይተፋዋል፤ ከቱቦው ግርጌ ያለው ማሳም የአንድ ገበሬ ጤፍ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ቀጭን ፈለግ፣ በሁለተኛው ቦይ የነበረው፣ ውሎ አድሮ ጥማድ በሬ የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል፤ መንገዱ የሁሉ፣ ጎርፉ ግን የእርሱ የብቻው። እንግዲህ ይህ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ቱቦውን በድንጋይና በሣር ጓል ቢደፍነው፣ መንገዱም ከላይ ተሸርሽሮ ቢናድ፣ የልማት ፀር ተብሎ ይከሰሳል፤ እኔ ግን ለመፍረድ ኅሊናዬ እሺ አይለኝም።

እኛ የሜክሲኮ ሰዎች ይህን ለማወቅ ቅርብ ነን። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፣ ቀጥሎ የኮሪደር ልማቱ ንጣፍ መጣ፤ መሬቱ በሲሚንቶና በአስፋልት ስለ ተከደነ፣ ግማሽ ሰዓት ዝናም ሲወርድ ታክሲ ጠባቂው ሱሪውን ሰብስቦ ጠርዝ ላይ ይቆማል። የእኛን ጎርፍ ወንዞቻችን ተቀብለው ወደ አቃቂ ያወርዱልናልና ወዲያው እንረሳዋለን፤ ከታች ያለው ሰው ግን አይረሳውም።

መፍትሔው ከሰማይ የሚጠበቅ አይደለም። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል፣ የመንገድን ጎርፍ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድና ወደ እርሻ መልሶ መጥለፍ ተጀምሯል፤ ማሳ ይቦረቡር የነበረው ውኃ ጉድጓድ ይሞላል፣ ሰብልም ያጠጣል። ይህ ሥራ ከአስፋልቱ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ቱቦው የሚያርፍበት ቦታ ከተወሰነ በኋላ ሳይሆን ከመወሰኑ በፊት መታሰብ አለበት።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትን አንድ ነገር እለምናለሁ። የጥናት መኪና ወደ ገጠር የሚዘልቀው መንገዱ በደረቀበት በጥርና በየካቲት ስለ ሆነ፣ መሐንዲሱ አቧራውን እንጂ ውኃውን አያይም፤ ካስማው ከመተከሉ በፊት በሐምሌ አጋማሽ፣ መኪና የማይገባ ከሆነ በበቅሎ ወይም በእግር ሄዶ፣ ከቱቦው ግርጌ ከሚያርሱት አባወራዎች ጋር ጎርፉን ተከትሎ እስከ ታች ይውረድ።