ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሕመምና ጥገና

የቤት እመቤትን ድካም ያቃልላሉ ተብለው በልዩ ልዩ አገር የተፈለሰፉት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ሰሐን የሚያጥበው መኪና ሲሆን፥ ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች አሜሪካዊት ወይዘሮ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብቱን አስመዝግባ፥ በ1893 በሺካጎ በተደረገው ታላቅ የዓለም ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳይታዋለች። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በስልክ ሲያነጋግሩን፥ ይህ መኪና አንዳንድ ጊዜ ውኃውን በሆዱ ይዞ እንደሚቀር፥ አንዳንድ ጊዜም ሰሐኑን ከነቅባቱ እንደሚመልስ ያጫውቱናል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በሥሩ ያለው ማጣሪያ በምግብ ትራፊ መደፈኑ ነው፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብና ውኃ የሚረጩትን ክንፎች ቀዳዳ በስንጥር መክፈት ይበቃል ይላሉ። እኛ በምንኖርበት በጥሊሊ ግን ሰሐን የሚታጠበው በእጅ ነው። ስለዚህ የዚያን መኪና ነገር ለባለቤቶቹ ትተን፥ በወጥ ቤታችን ውስጥ ስላለውና ቢታመም ቤተ ሰቡን ሁሉ ጦም ስለሚያሳድረው ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለማለት ወደናል።

ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከቡሬ ወደ እንጅባራ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ያቋርጣታል። አገሩ ደጋ፥ ክረምቱም የማያባራ ስለሆነ፥ በሐምሌና በነሐሴ ደረቅ እንጨት ማግኘት ጭንቅ ነው። በአቅራቢያችን በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለና ከሰል እያከሰለ ኑሮውን አሻሽሏል፤ ነገር ግን ከሰል ለወጥና ለቡና እንጂ ለሰፊ ምጣድ አይመችም። እንግዲህ እናቶቻችንን ዓይን ከሚያጠፋው ጢስ የሚገላግላቸው ኤሌክትሪክ ነው። የኀይሉ ምንጭ ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የጢስ ዓባይ ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፥ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ፥ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፥ ሁሉም በዚሁ በዓባይ ዙሪያ የሚገኙ ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በምሽት ምጣዳችን ላይ ሊጡ ላብ ብቻ እያወጣ ጥሬውን ሲቀር ማየት ያስደንቃል። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ምጣዱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሕመሙን ማወቅ አይቻልም። ከላይ 60 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ሸክላ አለ፤ በሸክላው ጀርባ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚዞር ቦይ ተቀዷል፤ በቦዩ ውስጥ ከኒኬልና ከክሮም የተሠራ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቶ በጀሶ ይለበጣል፤ ይህ ሁሉ በላሜራ ገበታ ውስጥ ይቀመጣል። ጠቅላላ ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚሽከረከር ወይም የሚንቀሳቀስ አንዳች የለበትም። ሸክላውን የምትሠራው ከጥንት ጀምሮ ምጣድ የምትሠራው ያችው ሴት ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዛሬም ግን ሸክላ ሠሪን በጎሪጥ የሚያይ ሰው አልጠፋም። በኤሌክትሪክ ዘመን እንጀራ የሚበላው በእርሷ እጅ ሥራ ላይ ተጋግሮ መሆኑን ግን አያስተውልም።

ከቤታችን አጠገብ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ሦስት ልጆች የሚያስተምሩ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ዓመት ምጣዳቸው በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተቋረጠባቸው። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጠጋኝ ይመጣና የተቃጠለውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጦ፥ የቀረውን ስቦ ያያይዝና ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። በአራተኛው ጊዜ ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ምግብ ቤቶቹም ሌላ ጋጋሪ እንደሚፈልጉ አስታወቋቸው። ወደ እኛ መጥተው፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህን ነገር ምን አዞርበት እንደሆነ እየው» አሉን። እኛም፥ «እትዬ፥ እኛ የቢሮ ሰዎች ነን እንጂ ባለሙያ አይደለንም» ብንላቸው አልተቀበሉንም።

ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅለን የሽቦውን ሁለት ጫፍ በቴስተር ብንለካ 11 ኦም ሆነ። በዚያን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቃላችን ያጠናነው የኦም ሕግ ትዝ አለን፤ ጌኦርግ ኦም የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ በጥሊሊ ወጥ ቤት ውስጥ ያገለግላል ብሎ ያሰበ ተማሪ በክፍላችን አልነበረም። ደኅና የሆነ የምጣድ ሽቦ 14 ኦም ያህል ነው። በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል፥ 3,450 ዋት ያህል ሙቀትም ይሰጣል። የጎረቤታችን ሽቦ ግን እየተቆረጠ ስላጠረ 20 አምፔር ስቦ 4,400 ዋት ይሰጣል። ሙቀቱ በዛ፥ ሽቦው ደግሞ አጠረ፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ስንዝር ሽቦ ላይ የሚወርደው ሙቀት ቀድሞ ከነበረው ከግማሽ በላይ ጨምሯል። እንዲህ ያለው ሽቦ እንዴት ይሰነብታል? በየጥገናው የበለጠ ያጥራል፥ ባጠረም ቍጥር ቶሎ ይቃጠላል።

ለጠጋኙ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፥ ሽቦ ማሳጠር በምሽት የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑን እንመሰክራለን። ምሽት ሁሉም ሰው ሲጋግርና መብራት ሲያበራ በመንደራችን ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ በቴስተር አይተናል። ሙቀት የሚለካው በግፊቱ ካሬ ስለሆነ፥ በ180 ቮልት ደኅናው ምጣድ የሚሰጠው ሙቀት ከወትሮው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ፥ ከላይ ረጥቦ ከታች ተጣብቆ የሚቀረው በዚህ ነው። ያጠረው ሽቦ ግን በዚያው ግፊት ወደ 2,950 ዋት ስለሚሰጥ ባለቤቲቱ ጠጋኙን ትመርቃለች። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ግፊቱ ወደ 220 ሲመለስ፥ ጎህ ሳይቀድ ለመጋገር የተነሣችው ይህችው እናት ሽቦው ነድዶ ሲበጠስ ታገኘዋለች። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ የሚለውን አባባል ጠጋኞቻችን ሳይገለብጡት አልቀሩም።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሽቦውን ማሳጠር ሳይሆን በሙሉ መለወጥ። አዲሱን ሽቦ ስንዘረጋ ጥምጥሙ በቦዩ ሁሉ እኩል እንዲደርስ ቀድሞ በክር የቦዩን ርዝመት መለካትና ሽቦውን ወደዚያው ልክ ቀስ አድርጎ መሳብ ይገባል። አንድ ወገን ተጨናንቆ ሌላው ቢሳሳ፥ የተጨናነቀው ያሳርራል፥ የሳሳው ጥሬ ይተዋል። በነገራችን ላይ፥ ምጣዱ በአንድ ወገን ብቻ አልጋግር ሲል ብዙ ሰው «ሽቦው በዚያ በኩል ተበጥሷል» ይላል። ሽቦው አንድ ወጥ ከሆነ ግን ይህ ሊሆን አይችልም፤ በየትኛውም ቦታ ቢበጠስ ምጣዱ በሙሉ ይቀዘቅዛል። በአንድ ወገን የሚቀዘቅዝ ምጣድ ወይ ጥምጥሙ ተነካክቶ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፋል፥ ወይ ጀሶው ተፈርፍሮ ሽቦው ከሸክላው ርቋል። ይህን መለየት ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቃጠለው ደግሞ መገናኛው ነው። የኒኬል ክሮሙ ሽቦ ከመዳብ ሽቦ ጋር በቀጥታ ተጠምዝዞ በናስትሮ ከተጠቀለለ፥ መገጣጠሚያው ይላላል፥ ይግላል፥ ናስትሮውም ይቀልጣል። ትክክለኛው አሠራር የኒኬል ክሮሙን ጫፍ እጥፍ አድርጎ ጠምዝዞ ከምጣዱ ማውጣት፥ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ስለሚቀንስ በዚያ ቦታ ላይ ከመዳቡ ጋር በሸክላ ማያያዣ ውስጥ በብሎን አጥብቆ ማሰር ነው። ብሎኑንም በየወሩ፥ ስፒናው ተነቅሎ፥ በካቻቢቴ መፈተሽ ይገባል። ስፒናው ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ከሆነ መጠገን ሳይሆን መጣል ነው። 16 አምፔር ለሚችል ሶኬት ይህ ሸክም የመጨረሻው ጫፍ ስለሆነ፥ ምጣዱን ለብቻው በተሳበ መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር ማገናኘት ይሻላል። ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ በምትኩ ወፍራም የመዳብ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ግን ቤቱን ለእሳት እንዳሰናዳ ይወቀው።

ስለ ገመዱም አንድ ነገር እንበል። በከተማችን ወጥ ቤት ብዙውን ጊዜ ከዋናው ቤት ርቆ በጓሮ ይሠራል፤ ቆጣሪው ደግሞ ከፊት ለፊት ነው። በመካከሉ 30 ሜትር ቀጭን የመብራት ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ 1 ሚሊሜትር ካሬ ብቻ ከሆነ 15 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይጠፋል፤ ከ200 ዋት የሚበልጥ ሙቀትም በገመዱ ውስጥ ይቀራል። ሴቶቹ «ገመዱ እንደ ዳቦ ይሞቃል» የሚሉት ይህንን ነው። ከ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ያላነሰ፥ ለእንዲህ ያለው ርቀት ግን 4 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ መግዛት ይገባል። ዋጋው ለጊዜው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በገመዱ ውስጥ የሚቀረውን ሙቀት ቆጣሪው በየወሩ ያስከፍለናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን እጅግ ያሳሰበን ግን የእንጀራው ጉዳይ አልነበረም። ጎረቤታችን በነገር መካከል፥ «አንዳንድ ቀን እጄን ይነዝረኛል፤ ለምጄዋለሁ» አሉን። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም። ሊጥ በሸክላው ስንጥቅ ሰርጎ ሽቦው ድረስ ሲደርስ ላሜራውና ሸክላው ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ጋጋሪዋ ባዶ እግሯን በእርጥብ መሬት ቆማ በሊጥ በራሰ እጇ ስትነካው ኤሌክትሪኩ በሰውነቷ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ የላሜራውን ገበታ አረንጓዴና ቢጫ በሆነው ሦስተኛ ሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት ግዴታ ነው፤ ለዚህም አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ብረት እርጥበት ባለበት ቦታ ተቀብሮ ሽቦው በጽኑ ይታሰርበታል። አቅም ያለው ሰው 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ መስመሩን በራሱ የሚያቋርጠውን መከላከያ ቢጨምርበት መልካም ነው። በእግር ሥር ደረቅ ሳንቃ መዘርጋትም ይረዳል፤ የመሬቱን ሽቦ ግን አይተካም። እኛ ሽቦውን ሳንለውጥ ያንን ብረት አስቀበርን፤ ጎረቤታችን፥ «እንጀራው ሳይወጣ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ?» ብለው ቢያጉረመርሙም።

የተሰነጠቀውን ሸክላ በጀሶ መድፈን ለሳምንት ያገለግል ይሆናል እንጂ ዘላቂ አይደለም፤ አዲስ ከሸክላ ሠሪዋ ማዘዝ ይሻላል። ስንጥቁን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ በጋለው ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ምጣድ በማሰሻ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም። አዲሱ ሸክላ በውስጡ እርጥበት ስላለው መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ እያሞቁ፥ እያጠፉና እያቀዘቀዙ ቀስ በቀስ ማድረቅ፥ ከዚያም በተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግሞ ማሸትና ማሟሸት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ አክንባሎው አይከደንም። የጎረቤታችን ሸክላ ጠቁሮ እስኪያበራ ድረስ ሦስት ቀን ፈጀ፤ በአራተኛው ቀን፥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፥ ግፊቱ 218 ቮልት ሆኖ ሳለ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይኗን አውጥታ በሰፌድ ተነሣች። ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንደኛው ተመልሶ ደንበኛቸው ሆኗል፤ ሁለተኛው ገና አልተመለሰም።