መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ከዚያ ከፍታው

ጆሃንስበርግ የምንኖር የሀዲያና የከምባታ ልጆች ለወንድም ወይም ለአጎት መኪና ብለን የምንልከው ገንዘብ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚታየውን ነገር ይገዛል፦ ሰፊ ጎማ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ተጨማሪ መብራት፣ አሮጌውን ላንድክሩዘር ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በስሙ ለማዞር የብቃት ምስክር ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ60 ቀን ነው። መርማሪው ፍሬን፣ መሪ፣ መብራትና ጎማ ያያል፤ የጎማው ጥርስ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ አያሳልፍም። በሕግ ከሄድን የአገር ቤቱ ይጠብቃል፤ ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ አለ፣ እዚህ ግን ያልተሸጠ የግል መኪና ለዓመታት ሳይመረመር ሊነዳ ይችላል። ሆኖም እዚህ ወረቀቱ ካልተገኘ መኪናው የገዢው አይሆንምና የመጀመሪያው ገንዘብ ፍሬን ላይ ይወጣል። እኛ ቤት ፍሬን የሚታሰበው ቦሎ ሲደርስ ነው።

ይህ ያሳስበኛል፤ መኪኖቻችን ገና ብዙ ያረጃሉና። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለው ላንድክሩዘር በቀላሉ አይተካም።

መንገዱም ይቅር አይልም። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ይረገጣል፣ ይግላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ከገባበት ግን 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎቱም ይታመቃልና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው አይቆምም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከአንድ ጥንድ መብራት ይረክሳል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ጥርሱ የሞላ ጎማ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ በጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2314 ማለት በፈረንጆች 2014 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። ጎሚስታው ዘንድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

መኪናውን ከፍ ማድረግ ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። የፍሬኑ ጎማ ቱቦም ሊወጠር ይችላል፤ ከባድ ጎማ ሲጨመርበት ፍሬኑ ይበልጥ ይደክማል። ስለዚህ ለወንድሜ የምልከው ቀጣዩ ገንዘብ ለዘይቱ፣ ለፍሬን ሸራው፣ ለመሪው መገናኛና ለጎማ ኩሽኔታው ነው። ባሌስትራው እነዚህ ካለቁ በኋላ፣ ቱቦውም አብሮ ተለክቶ።