መስመሩን ማን በላው?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን በክልላችን የሞባይል ዳታ ጠፋ። ደብረ ማርቆስ ላለነው ፍሪላንሰሮች የቀረልን ዋይፋይ ያለው ሆቴል ማሳደድ ነበር። በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት እንቀመጣለን። አስተናጋጇ ትገላምጠናለች፣ እኛም እንዳላየ እንሆናለን።

አንድ ቀን የ12 ደቂቃ ድምፅ ልልክ ተቀመጥሁ። እስከ 9 ሰዓት ካልገባ ዘገባው ይቀራል፣ ክፍያውም አብሮ። 40 በመቶ ይደርስና ቀጥ ይላል። ቤቱ ሙሉ ሰው «ይህንንም ሊዘጉት ነው» እያለ ያጉረመርማል፤ እኔም አብሬ።

ኋላ ጥግ የተቀመጠ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ዓይኔ አረፈ። ኪውቢትቶረንት።

«ወንድሜ፣ አንተ ነህ እንዴ የበላኸን?»

«እኔ ዳውንሎድ ነው የማደርገው፤ ምን ላክሁ?»

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶረንት፣ ብራም ኮኸን በ2001 እ.ኤ.አ. ሲፈጥረው፣ የኛን ወንፈል ነው የሚመስለው፦ የወሰድኸውን ቁራጭ ወዲያው ለሌላው ትሰጣለህ፣ ለሰጠህም ታስቀድማለህ። ስለዚህ እያወረድህ ትልካለህ። መላኪያው ደግሞ በብዙ መስመር ላይ ከማውረጃው ይጠባል። እሱ ሲጨናነቅ የሌላው ሰው ማውረድም ይቆማል፤ ስልኩ መረጃ ሲቀበል «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት፣ ያቺ አጭር መልስ ወረፋ ላይ ትቀራለች፣ ላኪውም መልስ ሲያጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ካልነካኸው እስከ 500 ግንኙነት ይከፍታል፣ ለመላኪያውም ገደብ የለውም። ርካሽ ራውተር ደግሞ እያንዳንዱን ግንኙነት መዝግቦ ነው የሚይዘው፤ መዝገቡ ከሞላ አዲስ መጤ አያስገባም። ዳታውን ያጠፋነው እኛ አይደለንም። የቀረችንን ግን እኛው ነበርን ያነቅናት።

ልቆጣው ስል ፋይሉን አሳየኝ። ኡቡንቱ ነው፣ ከ4 ጊጋ በላይ። እሱ አንዴ ካወረደው በፍላሽ ዶርም ለዶርም ይዞራል። ሃያ ልጅ እዚህ መጥቶ በየራሱ ቢያወርደውስ? አፈርሁ።

ግንኙነቱን 40፣ መላኪያውን በሴኮንድ 10 ኪሎባይት አደረግነው። «ዜሮ ብናደርገውስ?» አልሁት፣ ፋይሌ አስጨንቆኝ።

«ካልሰጠሁ ማን ይሰጠኛል?» አለ።

ልክ ነው። በ10 ተውነው።

የኔ ፋይል ለ9 ሩብ ጉዳይ ላይ ገባ። የሱ ግን ሆቴሉ ሲዘጋም አላለቀም፤ በማግስቱ በጠዋት እዚያው ጥግ አገኘሁት፣ ማኪያቶውን እኔ ከፈልሁ።