ይቅርታ የጠየቅኩበት ቦርዴ

ባለፈው እሁድ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከትንሿ አገር ከጆርጂያ ፎቶ ላከችልኝ። የአንድ ቤተሰብ ጓሮ ውስጥ ቆማ ወይን ጠጅ ትቀምሳለች። ወይኑ የሚብላላው እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን ነው፤ ክቬቭሪ ይሉታል። ዩኔስኮም ይህን ባህል እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ከፎቶው ስር፣ «ቲቸር፣ የእናቴ ጋን ትዝ አለኝ። እስቲ ሄደው ይቅመሱልኝ» ይላል።

ደነገጥኩ። እናቷ እዚሁ ሶዶ ቦርዴ ጠምቀው ይሸጣሉ። ልጅቷ በገበያ ቀን ስታረፍድ ስንት ጊዜ በር ላይ አንበርክኬያታለሁ! ለምን እንደምታረፍድ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ሄድኩ። እማማ በቅል ቀድተው ሰጡኝ። ወፈር ያለ፣ ኮምጠጥ ብሎ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ጠጥተውት ምሳ የሚያስረሳ። ዱቄቱ ይቦካል፣ እንኩሮው ይታመሳል፣ ብቅል ይገባበታል፣ በመጨረሻ ይጠለላል፤ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ግን ጊዜ አይሰጥም። ጥሩ ወይን ዓመታት ይቀመጣል፤ ቦርዴ ካደረ ይሆመጥጣል። ለገበያ የሚደርሰው ሌሊት የሚነሳ ሰው ካለ ብቻ ነው።

«ሌሊት ተነስታ የምታጠልልልኝ እሷ ነበረች» አሉኝ እማማ።

ያልጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁና ደግመው ቀዱልኝ። ማታ ለልጃቸውም ጻፍኩላት።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ያረፈደ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ጠይቁት። በቦርዴ ገንዘብ የተማራችሁ ደግሞ እስቲ እናቶቻችሁን እዚህ ስር አመስግኑልን።