ከራሳችን ደብተር

ይህን የምንጽፈው ለዘንድሮ ፍሬሽማን እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ነው።

አምና የጋራ ኮርሶችን ስንጀምር የምናስበው ስለ ጂፒኤ ብቻ ነበር። ዲፓርትመንት የሚደርሰን በእሱ ነዋ! ሕክምና ወይም ሕግ ለመግባት ለመጣ ሰው ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂና ሎጂክ ምን ያደርጉለታል? ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 መመለሱን ስንሰማ፣ «ምነው እንደቀረ በቀረ» ያልን አለን። ሞጁሉን ሳንገልጥ ያለፈውን ዓመት ፈተና ፍለጋ ዶርም ለዶርም ዞረናል። አሁን ስንጽፈው ያሳፍረናል።

ከመካከላችን ሎጂክ መማር ይፈቀዳል ወይ ብሎ የተጨነቀም ነበር። ኢማም ገዛሊ «አል-ሙስተስፋ» በተሰኘው የኡሱል ኪታባቸው መግቢያ ላይ መንጢቅን እንዳስቀመጡ፣ ኢብን ተይሚያ ደግሞ በመንጢቅ ሰዎች ላይ መልስ እንደጻፉ ኡስታዛችን ነገሩን። ሁለቱም ግን አንብበውት ነው የተናገሩት፤ እኛ ሞጁሉን እንኳ አልገለጥንም።

ፋላሲ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መምህሩ የግሩፕ አሳይመንት ሰጡ፦ ከምትሰሙት ንግግር አሥር የተሳሳተ ሙግት ለቅማችሁ አምጡ። አምስት ነበርን፤ አራታችን ከጀመዓው፣ አንዱ ክርስቲያን የዶርም ጓደኛችን። ከቴሌቪዥን ክርክር፣ ከፌስቡክ፣ በተለይ እኛን ከሚሰድቡ ሰዎች ጽሑፍ በአንድ ምሽት ስምንት አገኘን። የሰው ስሕተት መልቀም እንዴት ደስ ይላል! ጓደኛችን ዝርዝሩን አይቶ፣ «እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሁለት አምጥቻለሁ። ከእናንተ ዘንድ አንድም የለም?» አለን።

የሚመልስ ጠፋ።

ከዒሻ በኋላ የስብሰባ ማስታወሻ የምንይዝበትን ደብተር ገለጥን። ከሁለት ወር በፊት አንድ ወንድማችን ሒሳብ ለከበዳቸው ልጆች ማስጠናት እንጀምር ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከሥሩ የተጻፈው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ለሱብሒ እንኳ መስጊድ የማይታይ ሰው ጀመዓውን ሊመራ አይችልም።» ስለ ማስጠናቱ አንዲት ቃል የለም። ሞጁሉ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መምታት የሚለው ይኸው ነው። በተናገርንበት ቀን ግን ለዲን የተቆረቆርን መስሎን ነበር፤ ሱብሒ ትልቅ ነገር ነውና ማንም አልተቃወመም። ልጁም ከዚያ ወዲህ ስብሰባ መጥቶ አያውቅም። ለምን እንደቀረ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ስሙን ሳንጠቅስ በዘጠነኛነት አስገባነው። ክፍል ውስጥ ሲነበብ መምህሩ «ይህ ከየት ነው?» አሉ። «ከእኛው ነው» አልን። የሳቀ አልነበረም።

ወደ ዶርሙ ለመሄድ ግን ሳምንት ፈጀብን፤ ክፍል ፊት ከማንበብ ይልቅ ያ ከበደን። አፉ እንዲለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም አለና፣ «እሺ፣ ሐሳቡስ ጥሩ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ ጠየቀን። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እሱን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንበትም ነበር።

ማስጠናቱ ተጀምሯል። ማክሰኞና ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ላይብረሪው ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ነው። ሒሳቡን የሚያስረዳው እሱ ራሱ ነው፤ ሎጂኩን እኛ እንሞክራለን። የዶርም ጓደኛችንም ይመጣል። ሞጁላችሁን ይዛችሁ ኑ።